ሁለት መቶኛዎች ሲለያዩ፦ ልዩነቱ የእውነት ነው ወይስ የአጋጣሚ?

በቦኖ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ብዙ ነገር ይሰማል። «የእነዚያ ብሎክ ልጆች በተቅማጥ አለቁ፤ ከእኛ እጥፍ ነው» ይላል አንዱ። «ውሃቸው ነው» ይላል ሌላው። ሦስተኛው ደግሞ «ውሃው አንድ ነው፤ ሰዎቹ ንጽሕና አያውቁም» ብሎ ይደመድማል። ጀሪካኑ ሳይሞላ ፍርዱ ተሰጥቷል። ማታ ወሬው ካምፑን ያዳርሳል፤ በማግስቱ ልጆቻቸውን «ከዚያ ብሎክ ልጆች ጋር እንዳትጫወቱ» የሚሉ ወላጆች ይገኛሉ።

አንዳንድ ጊዜ ወሬው ትክክል ይሆናል። ቧንቧ ተሰብሮ ቆሻሻ ገብቶበት፣ ወይም ክሎሪን ሳይጨመር ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በዚህን ጊዜ ዝም ማለት የሰው ሕይወት ያስከፍላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምንም የተለየ ነገር ሳይኖር፣ በዚያ ሳምንት በአንዱ ብሎክ ጥቂት ሕመምተኞች በአጋጣሚ ይበዙና ጎረቤት በከንቱ ይወነጀላል። ታዲያ ሁለቱን እንዴት እንለያቸዋለን?

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። በዚህ ትምህርት የሁለት ቡድኖችን መቶኛ አነጻጽሮ፣ ልዩነቱ በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ የሚችል መሆን አለመሆኑን የሚመረምረውን የስታቲስቲክስ ፈተና እናቀርብላችኋለን። መደመር፣ ማባዛትና ማካፈል ለሚችል ሰው አይከብድም። ሂሳብ የማይወድ አንባቢም ስሌቱን ዘሎ ሐሳቡን ቢከተል ዋናው ነገር አያመልጠውም። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. በመጀመሪያ «ከስንት?» ብሎ መጠየቅ

«በዚያ ብሎክ 15 ልጆች ታመሙ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም። ከ60 ልጆች 15 ከሆኑ ከመቶ 25 ማለት ነው። ከ600 ልጆች 15 ከሆኑ ግን ከመቶ 2.5 ብቻ ነው። ስለዚህ የታመሙትን ብቻ ሳይሆን፣ ሊታመሙ ይችሉ የነበሩትን ሁሉ መቁጠር ያስፈልጋል።

ሁለት ቡድኖችን ስናነጻጽርም መስፈሪያው አንድ መሆን አለበት። በአንዱ ብሎክ የአንድ ሳምንት፣ በሌላው የአንድ ወር ሕመም ተቆጥሮ ከሆነ ንጽጽሩ ፈርሷል። «ተቅማጥ» የሚባለው ምን እንደሆነም አስቀድሞ መወሰን አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ 3 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የቀጠነ ዓይነ ምድር መውጣትን ተቅማጥ ይለዋል። አንዱ ቆጣሪ ይህን ተከትሎ፣ ሌላው ደግሞ «ሆዱን አመመው» የተባለውን ሁሉ ከመዘገበ የሁለቱ ቁጥር አይገናኝም።

2. አጋጣሚ ምን ያህል ያታልላል? የቦሎቄው ሙከራ

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለትምህርት ሲባል የተፈጠሩ ናቸው። በብሎክ «ሀ» 50 ቤተሰቦች፣ በብሎክ «ለ» 50 ቤተሰቦች አሉ እንበል። ባለፉት ሁለት ሳምንታት በ«ሀ» ውስጥ በ5 ቤቶች፣ በ«ለ» ውስጥ በ10 ቤቶች ልጅ በተቅማጥ ታሟል። በመቶኛ ሲሰላ «ሀ» 10 ከመቶ፣ «ለ» 20 ከመቶ ነው። እንግዲህ በቦኖው ሰልፍ «እጥፍ ነው» የተባለው ሐሰት አይደለም። ጥያቄው እጥፍነቱ አንድ ምክንያት እንዳለ ያሳያል ወይ? የሚለው ነው።

መልሱን ለማግኘት ከራሽናችን 100 ፍሬ ቦሎቄ እንቁጠር። እነዚህ 100ው ቤቶች ናቸው። 15ቱን ፍሬ በከሰል ወይም በእስክሪብቶ ምልክት እናድርግባቸው፤ እነዚህ ልጅ የታመመባቸው ቤቶች ናቸው። ሁሉንም በቆርቆሮ ጨምረን በደንብ እንወዝውዝ። ከዚያ ሳናይ 50 ፍሬ እናውጣና «ይህ ብሎክ ሀ ነው» እንበል። በቆርቆሮው ውስጥ የቀሩት 50ው ብሎክ «ለ» ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በቆርቆሮው ውስጥ የተበከለ ውሃ የለም፤ ንጽሕና የማያውቅ ሰውም የለም። ምልክት ያለባቸው ፍሬዎች በሁለቱ ወገን የተከፋፈሉት በዕጣ ብቻ ነው። ታዲያ 7 እና 8 ሆነው እኩል ለእኩል ይከፈላሉ? ብዙ ጊዜ ወደዚያ ይጠጋሉ። ነገር ግን ሙከራውን 20 ወይም 30 ጊዜ ደጋግሞ ውጤቱን የሚጽፍ ሰው 6 ለ 9፣ 5 ለ 10፣ አልፎ አልፎም 4 ለ 11 ያገኛል። በትክክል ሲሰላ፣ ልዩነቱ 5 ለ 10 ወይም ከዚያ የሰፋ ሆኖ የሚወጣው (ማንኛውም ወገን ቢበልጥ) ከ4 ጊዜ 1 ጊዜ ያህል ነው።

ከ4 ጊዜ አንዴ በዕጣ ብቻ የሚመጣ ነገር ጎረቤትን ለመክሰስ ይበቃልን? አይበቃም። የዚህ ትምህርት እምብርት ይህ ነው። ልዩነት ባየን ቁጥር «ምንም ምክንያት ባይኖር ኖሮ፣ አጋጣሚ ብቻውን ይህን የሚያህል ልዩነት ስንት ጊዜ ያመጣ ነበር?» ብለን እንጠይቅ።

3. ፈተናው በሂሳብ

ቦሎቄ ሲቆጥሩ መዋል ስለማይቻል ሊቃውንቱ አጭር መንገድ አበጅተዋል። ሥራው የሚጀምረው ሁለት መላምቶችን በመጻፍ ነው። የመጀመሪያው «በሁለቱ ቡድኖች መካከል እውነተኛ ልዩነት የለም፤ የታየው የአጋጣሚ ነው» ይላል። ይህ አልቦ መላምት ይባላል። ሁለተኛው «እውነተኛ ልዩነት አለ» ይላል፤ አማራጭ መላምት ነው። ነገሩ ፍርድ ቤትን ይመስላል። ተከሳሽ ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ነጻ እንደሆነ ይቆጠራል፤ አልቦ መላምትም በቂ ማስረጃ እስኪቀርብበት ድረስ እንደቆመ ይቆያል።

የሁለቱን ብሎኮች ምሳሌ ይዘን እንሥራ።

ሀ) የሁለቱን ድርሻ በአሥርዮሽ እንጻፍ። «ሀ» 5 ÷ 50 = 0.10፤ «ለ» 10 ÷ 50 = 0.20። ልዩነታቸው 0.10 ነው።

ለ) ሁለቱን ደምረን የጋራ ድርሻ እናውጣ። አልቦ መላምት እውነት ከሆነ ሁለቱ ብሎኮች እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ 15 ÷ 100 = 0.15 ይሆናል።

ሐ) የጋራውን ድርሻ በቀሪው እናባዛ። 0.15 × 0.85 = 0.1275።

መ) 1ን ለየቡድኑ ብዛት አካፍለን እንደምር። 1 ÷ 50 ሲደመር 1 ÷ 50 = 0.04።

ሠ) የ«ሐ»ን እና የ«መ»ን ውጤት እናባዛ። 0.1275 × 0.04 = 0.0051። የዚህን ዳግም ዘር፣ ማለትም በራሱ ሲባዛ 0.0051 የሚሰጠውን ቁጥር እንፈልግ። 0.0714 ነው። ይህ ስታንዳርድ ስሕተት ይባላል፤ አጋጣሚ ብቻውን ልዩነቱን ምን ያህል እንደሚያወዛውዘው የሚለካ ነው።

ረ) በመጨረሻ ልዩነቱን ለስታንዳርድ ስሕተቱ እናካፍል። 0.10 ÷ 0.0714 = 1.40። ይህ ቁጥር ዜድ ይባላል።

ዜድ የሚነግረን ያየነው ልዩነት የተለመደው የአጋጣሚ ውዝዋዜ ስንት እጥፍ እንደሆነ ነው። በተለመደው አሠራር ዜድ ከ1.96 ከበለጠ፣ አጋጣሚ ብቻውን ይህን የሚያህል ልዩነት የሚያመጣው ከ100 ጊዜ ከ5 ጊዜ ባነሰ ነው ማለት ነውና አልቦ መላምት ውድቅ ይደረጋል። የእኛ 1.40 እዚያ አልደረሰም። ስለዚህ ያየነው ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው።

በሠንጠረዥ ሲታይ ለ1.40 የሚሰጠው የአጋጣሚ ዕድል ከመቶ 16 ያህል ነው። ይህ ዕድል ፒ ተብሎ ይጠራል። አስተዋይ አንባቢ «ቦሎቄው ከ4 አንድ፣ ማለትም ከመቶ 25 ገደማ ብሎን አልነበረም ወይ?» ሊለን ይችላል። ትክክል ነው። አጭሩ መንገድ ግምታዊ ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ፒን ከሚገባው በታች ያሳንሰዋል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ግን ሁለቱ ይቀራረባሉ። እዚህ በሁለቱም መንገድ ፍርዱ አንድ ነው። በአንድ ቡድን የሚጠበቁት ሕመምተኞች ከ5 ያነሱ ሲሆኑ ግን አጭሩን መንገድ ትቶ የቦሎቄውን ዓይነት ትክክለኛ ቆጠራ መጠቀም ይገባል። ባለሙያዎች ይህን የፊሸር ትክክለኛ ፈተና ይሉታል።

አሁን ቆጠራውን እናስፋ። በየብሎኩ 50 ሳይሆን 200 ቤቶች ተጠይቀው በ«ሀ» 20፣ በ«ለ» 40 ቢገኙስ? መቶኛዎቹ አልተለወጡም፤ አሁንም 10 እና 20 ከመቶ ናቸው። ስታንዳርድ ስሕተቱ ግን ወደ 0.0357 ወረደ፤ ዜድ 2.80 ሆነ። ፒ ደግሞ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በ50 ቤቶች «ምናልባት» ያልነው በ200 ቤቶች «ይህስ መመርመር አለበት» የሚያሰኝ ሆነ። ቆጠራው 4 እጥፍ ሲያድግ ስታንዳርድ ስሕተቱ በግማሽ ቀነሰ። ስለዚህ መቶኛ ብቻ የሚነግራችሁን ሰው ዘወትር «ከስንት ቤት?» በሉት።

አንዳንዶቻችሁ በትምህርት ቤት ካይ ስኩዌር የሚባለውን ፈተና ተምራችሁ ይሆናል። ካርል ፒርሰን የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ያቀረበው ነው። ለሁለት ቡድኖች ንጽጽር ሁለቱ ፈተናዎች አንድ ናቸው። 2.80 በራሱ ሲባዛ 7.84 ይሆናል፤ በካይ ስኩዌር የሚሠራም ይህንኑ 7.84 ያገኛል። «ከ100 ጊዜ 5» የሚለው ድንበር የተለመደው ደግሞ በይበልጥ ሮናልድ ፊሸር በ1925 ካሳተመው መጽሐፍ ወዲህ ነው። ለአሠራር እንዲመች የተመረጠ ልማድ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ይህን በኋላ እንመለስበታለን።

4. የለንደን ውሃ፣ 1854

በዓለም ላይ ስለ ውሃና ስለ ሕመም ከተደረጉ ንጽጽሮች ሁሉ ዝነኛ የሆነው በለንደን ከተማ የተደረገው ነው። በ1854 ኮሌራ ከተማይቱን ሲመታ ብዙ ሐኪሞች በሽታው በመጥፎ ሽታ ባለው አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ዶክተር ጆን ስኖው ግን በውሃ ነው ባይ ነበር።

በደቡብ ለንደን ሁለት ኩባንያዎች በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ቧንቧ ዘርግተው ነበር። ሳውዝዋርክና ቮክስሆል የተባለው የከተማው ፍሳሽ ከሚገባበት የቴምዝ ወንዝ ክፍል ይቀዳል። ላምቤዝ የተባለው ግን በ1852 መቅጃውን ከከተማው በላይ፣ ንጹሕ ወደሆነው የወንዙ ክፍል አዛውሮ ነበር። ሀብታሙም ድሃውም፣ ትልቁም ትንሹም ቤት ከሁለቱ በአንዱ ይጠቀማል፤ ጎረቤታሞች እንኳ የተለያየ ውሃ ይጠጡ ነበር። ስለዚህ «እነዚያ ድሆች ስለሆኑ ነው» ወይም «ሰፈራቸው መጥፎ ስለሆነ ነው» የሚባልበት ቀዳዳ ጠባብ ነበር።

ስኖው ሰው በሞተባቸው ቤቶች በር በር እየዞረ ውሃው ከየትኛው ኩባንያ እንደሚመጣ ጠየቀ። ብዙ ተከራዮች አያውቁም ነበር። እርሱም ውሃውን በጨው መጠኑ ለየው፤ የከተማው ክፍል ውሃ ከላይኛው 40 እጥፍ ያህል ጨው ነበረበትና።

በወረርሽኙ የመጀመሪያ 7 ሳምንታት የተገኘው ውጤት ይህ ነው።

ሳውዝዋርክና ቮክስሆል፦ 40,046 ቤቶች፣ 1,263 ሞት፤ ከ10,000 ቤት 315።

ላምቤዝ፦ 26,107 ቤቶች፣ 98 ሞት፤ ከ10,000 ቤት 37።

እኛ ከላይ በተማርነው መንገድ እንፈትነው። ድርሻዎቹ 0.0315 እና 0.0038 ናቸው፤ ልዩነቱ 0.0278 ነው። የጋራው ድርሻ 1,361 ÷ 66,153 = 0.0206። ስታንዳርድ ስሕተቱ 0.0011 ያህል ይመጣል። ዜድ ከ24 በላይ ሆነ። ድንበሩ 1.96 መሆኑን አስታውሱ። አጋጣሚ ብቻውን ይህን ያህል ልዩነት ያመጣል ብሎ የሚከራከር አይኖርም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ፈተናው እያንዳንዱ ቤት ለብቻው እንደ አንድ ዕጣ ይቆጠራል ይላል። ኮሌራ ግን ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ሊወስድ ይችላል፤ ከቤት ወደ ቤትም ይተላለፋል። ስለዚህ 24 የሚለው ቁጥር የተጋነነ ነው። ነገር ግን በግማሽ፣ ከዚያም በሩብ ብንቀንሰው እንኳ ከድንበሩ በላይ ይቀራል።

5. የማላዊው ባልዲ፣ 1993

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ ኑሮ ይቀርባል። በማላዊ ንያሚቱቱ በሚባል ካምፕ የሞዛምቢክ ስደተኞች ይኖሩ ነበር። በካምፑ ኮሌራና ተቅማጥ ይመላለሱ ነበር። ውሃው ከቦኖ ሲቀዳ ንጹሕ ቢሆንም ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ይበከል እንደነበረ ታወቀ። ሰው ባልዲው ውስጥ እጁን ወይም ኩባያውን ያስገባል፤ ብክለቱም በዚያ ይመጣል።

በ1993 ተመራማሪዎች ክዳን ያለውና አፉ ጠባብ የሆነ፣ ውሃው በማፍሰሻ የሚወርድበት ባልዲ አዘጋጁ። 1,160 ሰዎችን ለ4 ወራት ተከታተሉ፤ ከእነዚህ ሩቡ አዲሱን ባልዲ፣ የቀሩት የተለመደውን ተጠቀሙ። ባልዲው ለማን እንደሚደርስ የተወሰነው በዕጣ ነበር። ዕጣ መጣሉ ትልቅ ነገር ነው፤ ጠንቃቆቹ ብቻ አዲሱን ባልዲ እንዳይወስዱና ንጽጽሩ እንዳይዛባ ይጠብቃል።

ውጤቱ በ2001 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ታተመ። በአዲሱ ባልዲ በሚጠቀሙ ቤቶች ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ተቅማጥ በ31 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። ፒ ግን 0.06 ሆነ፤ ከመቶ 6 ማለት ነው። የተለመደው ድንበር ከመቶ 5 ነው።

እንግዲህ ምን እንበል? ድንበሩን እንደ ግንብ የሚያይ ሰው «አልተረጋገጠም፤ ባልዲው አይረባም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። 0.06 ማለት ባልዲው ምንም የማይሠራ ቢሆን ኖሮ ይህን የሚያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ የሚመጣው ከ100 ጊዜ 6 ጊዜ ያህል ነው ማለት ነው። ከ5 እና ከ6 መካከል ገደል የለም። በተጨማሪም በባልዲዎቹ ውስጥ ያለው ውሃ ሲመረመር ከዓይነ ምድር የሚመጣው ብክለት በ69 ከመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ውሃው ንጹሕ መሆኑ በአንድ በኩል፣ ሕመሙ መቀነሱ በሌላ በኩል ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ።

አንድ የተለመደ አነጋገርም እናርም። ፒ 0.06 ሲሆን «ባልዲው የመሥራቱ ዕድል 94 ከመቶ ነው» ማለት አይደለም። ፈተናው የሚመልሰው «አጋጣሚ ብቻ ቢሆን ኖሮ» የሚለውን ጥያቄ ነው እንጂ መላምቱ እውነት የመሆኑን ዕድል አይሰጥም።

6. ሁለት ዓይነት ስሕተት

በዚህ ፈተና የሚፈርድ ሰው በሁለት መንገድ ሊሳሳት ይችላል። አንደኛው የሌለ ልዩነት አለ ማለት ነው። ሁለተኛው ያለ ልዩነት የለም ማለት ነው። የመጀመሪያውን ለማስቀረት ድንበሩን ብናጠብቅ ሁለተኛው ይበዛል፤ ብናላላውም የመጀመሪያው ይበዛል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚቀንሰው ብዙ ቤት መቁጠር ነው።

የትኛው ስሕተት ይከፋል? ይህ በሂሳብ አይመለስም፤ ሊደረግ በታሰበው ነገር ይወሰናል። ባልዲ መክደን፣ እጅ መታጠብ ወይም በቦኖው ላይ ያለውን ክሎሪን እንደገና መለካት ብዙ ወጪ የለውም። ተሳስተን ብናደርገው የምንከስረው ጥቂት ነው፤ ትተነው እውነት ሆኖ ቢገኝ ግን ሕፃን ልናጣ እንችላለን። ስለዚህ እንዲህ ላለው እርምጃ ትንሽ ማስረጃም ይበቃል። በሌላ በኩል የአንድን ብሎክ ሰዎች ወይም ከአንድ አገር የመጡትን «በሽታ አምጪዎች» ብሎ ማግለል ከባድ ጉዳት ነው፤ በቀላሉም አይታረም። ለዚህ ትልቅ ልዩነት እንኳ ብቻውን አይበቃም። ምክንያቱም ፈተናው ቁጥሮቹ በእርግጥ እንደሚለያዩ ይነግረናል እንጂ ለምን እንደተለያዩ አይነግረንም። ቦኖው ነው? መጸዳጃው ነው? የሕፃናቱ ብዛት ነው? ይህን ለማወቅ ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ጥቂት ቤቶች ተቆጥረው «በቂ ማስረጃ አልተገኘም» የሚል ሪፖርት ሲመጣ «ችግር የለም ማለት ነው» ብላችሁ አትቀበሉ። በ50 ቤት ያልታየ ነገር በ200 ቤት ሊታይ እንደሚችል አይተናል። ተገቢው ጥያቄ «ችግሩ ቢኖር ኖሮ በዚህ ቆጠራ ሊታይ ይችል ነበር ወይ?» የሚለው ነው።

7. ቁጥር የሚያታልልባቸው መንገዶች

ከ20 ብሎኮች መርጦ መክሰስ፦ 20 ብሎኮች ካሉና አንዳቸውም ከሌላው ካልተለዩ፣ እያንዳንዱን ከቀሩት ጋር በዚህ ፈተና ብናነጻጽር አንዱ ያህል በአጋጣሚ ብቻ ድንበሩን ያልፋል። ስለዚህ ቁጥሩን ካየን በኋላ ከሁሉ የባሰውን ብሎክ መርጠን «ይኸው ተገኘ» ማለት አይገባም። እንዲህ ያለው ውጤት ጥርጣሬን ይፈጥራል፤ በአዲስ ቆጠራ መደገም አለበት።

የክሊኒክ መዝገብ ብቻ ማየት፦ ለክሊኒክ ቅርብ የሆነ ብሎክ ብዙ ሕመምተኛ ያስመዘግባል፤ ሩቅ የሆነው ቤቱ ይተኛል። መዝገቡ የሚያሳየው የሄዱትን እንጂ የታመሙትን ሁሉ አይደለም።

ጎረቤታሞችን እንደ ሩቅ ሰዎች መቁጠር፦ በአንድ መጸዳጃ የሚጠቀሙ 10 ቤቶች አብረው ይታመማሉ። በወረቀት 10 ቢሆኑም በማስረጃነት ከ10 ያንሳሉ። በዚህን ጊዜ ዜድ ከእውነቱ በላይ ትልቅ ሆኖ ይታያል።

እውነቱን አለመናገር፦ ጠያቂዎች ቤታችን ሲመጡ «የታመመ አለ ብል እርዳታ ይጨመርልኝ ይሆናል» ወይም «አለ ብል ስማችን ይጠፋል» የሚል ሐሳብ ሊመጣብን ይችላል። ሁላችንም ሰው ነን። ነገር ግን አንዱ ብሎክ ጨምሮ፣ ሌላው ቀንሶ ከተናገረ ክሎሪኑም ሠራተኛውም ወደማያስፈልግበት ይሄዳል። የትኛውም ሂሳብ የተዛባ መልስን አያቃናም።

8. መልመጃ

በአንድ የጎልማሶች ትምህርት ከጠዋት ክፍል 80 ተማሪዎች 60ዎቹ፣ ከማታ ክፍል 80 ተማሪዎች ደግሞ 52ቱ ትምህርታቸውን ጨረሱ እንበል። አስተባባሪው «የማታው ክፍል ስለማይረባ ይዘጋ» አለ። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ይችላል ወይ? መልሱን ከማየታችሁ በፊት ከ«ሀ» እስከ «ረ» ያለውን ተከትላችሁ ሥሩ።

መልስ፦ ድርሻዎቹ 0.75 እና 0.65፤ ልዩነቱ 0.10። የጋራው 112 ÷ 160 = 0.70። 0.70 × 0.30 = 0.21። 1 ÷ 80 ሲደመር 1 ÷ 80 = 0.025። ብዜታቸው 0.00525፤ ዳግም ዘሩ 0.0725። ዜድ 1.38 ይሆናል። ከ1.96 ስለሚያንስ አልቦ መላምት ውድቅ አይደረግም። ይህ ሁለቱ ክፍሎች እኩል ናቸው ማለት አይደለም፤ ክፍሉን ለመዝጋት ግን ይህ ማስረጃ አይበቃም። ቀን የሚሠሩና ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ማታ የሚማሩ ከሆነም ማቋረጣቸው የክፍሉ ጥፋት ላይሆን ይችላል።

ውድ አንባብያን፣ በሚቀጥለው ጊዜ በቦኖው ሰልፍ ላይ «ከእኛ እጥፍ ነው» ሲባል ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ። ከስንት ቤት? በዕጣ ብቻ ሊመጣ አይችልም ወይ? ማንስ እንዴት ቆጠረው? ለሦስቱም መልስ ካልተገኘ ፍርዱን አቆዩት። ባልዲያችሁን መክደን ግን ፍርድ እስኪሰጥ አይጠብቅም፤ ዛሬውኑ ክደኑት።